የወይዘሮ አስቴር መዝገብ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት ቁጥር ነው። ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ከወጪ ቀሪ ይህን ያህል። እሱ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ታትሟል፤ ከሻይ በኋላ አንድ በአንድ እናየዋለን። አሁን በተሰጠን ጊዜ ግን ስለ አንዲት ዳኛ ልናወራችሁ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ዳኛዋ የኖሩት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከአገራችን እጅግ ርቆ በአሜሪካ ምዕራብ ነው። ስማቸው ግን ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። አስቴር ይባላሉ፤ አስቴር ሆባርት ሞሪስ።

ለምን እሳቸውን መረጥን? ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምትሰጡባቸው ሁለት የደንብ ማሻሻያዎች አሉ። አንደኛው ስለ ርክክብ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጥቅም ግጭት። ረቂቁን ካደልን ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? እኛ እርስ በርሳችን አንተማመንም ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በደንብ ቋንቋ ከምንሰጣችሁ በእኚህ ሴት ሥራ ብናሳያችሁ ይሻላል ብለን አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከስፌት ወደ ወርቅ ከተማ

ወይዘሮ አስቴር በ1810ዎቹ መጀመሪያ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ስፔንሰር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የሙት ልጅ ሆኑ። ስፌት ተማሩ፤ ቀጥሎም የሴቶች ባርኔጣ እየሠሩ በመሸጥ ራሳቸውን ቻሉ። ከመካከላችን በስፌት መኪና ቤቷን ያቆመች ሁሉ ይህን የሕይወት ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ታውቀዋለች።

በ1841 አርቲመስ ስላክ የተባሉ መሐንዲስ አገቡ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ብዙም ሳይቆይ ባላቸው ሞቱ። ሟቹ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የተወው ንብረት ስለነበር ወይዘሮ አስቴር ሕፃን ልጃቸውን ይዘው የውርሱን ጉዳይ ለመጨረስ ወደዚያ ሄዱ። በዚያ ዘመን የነበረው ሕግ ግን ለባል የሞተባት ሴት የሚመች አልነበረም። ንብረት በስሟ መያዝና መውረስ በብዙ ነገር የታጠረ ነበር። የሟች ሚስት፣ የወራሽ ልጅ እናት ሆነው ሳለ በሕጉ ፊት ግማሽ ሰው ነበሩ። ይህን ስንል አንገታቸውን የነቀነቁ እናቶች እንዳሉ ከዚህ ሆነን እያየን ነው።

በኢሊኖይ ሳሉ ጆን ሞሪስ የተባሉ ነጋዴ አገቡ፤ በ1851 መንታ ወንዶች ልጆች ተወለዱላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስለ እሳቸው የሚነገር ብዙ ታላቅ ነገር የለም፤ ቤት ያዙ፣ ልጅ አሳደጉ። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የመጣው ከ50 ዓመታቸው በኋላ ነው። «ዕድሜዬ ሄዷል» እያላችሁ የሥራ አስፈጻሚ ዕጩነትን የምትሸሹ እናቶች ይህቺን ልብ በሉልን።

በ1860ዎቹ መጨረሻ ዋዮሚንግ በሚባለው ምድር ወርቅ ተገኘ ተባለና ሕዝብ ጎረፈ። ምድሩ የሾሾኒና የሌሎች ነባር ሕዝቦች አገር ነበር፤ ወርቅ ፈላጊው ሲሰፍር ብዙም አላማከራቸውም። ሳውዝ ፓስ ሲቲ የተባለች የማዕድን ከተማ በጥቂት ወራት ውስጥ ከምንም ተነሥታ ቆመች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የአዲስ አበባን ያህል ነው። ክረምቷ ግን የኛ ክረምት አይደለም፣ በረዶ ነው። ቤቶቹ የግንድ ጎጆዎች፣ ነዋሪው አብዛኛው ወንድ፣ መጠጥ ቤቱ ብዙ። የወይዘሮ አስቴር ባልና የመጀመሪያው ልጃቸው ቀድመው ሄዱ፤ እሳቸው ከመንታዎቹ ጋር በ1869 ተከተሉ።

ሕጉ እንዴት ወጣ?

ዋዮሚንግ ያን ጊዜ ገና ሙሉ ክፍለ ግዛት አልሆነችም፤ በአሜሪካ መንግሥት ሥር የምትተዳደር አዲስ ግዛት ነበረች። በ1870 በተደረገው ቆጠራ መላ ሕዝቧ 9,118 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ሴቶች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በ1869 መጨረሻ የመጀመሪያው የግዛቲቱ ምክር ቤት ሻያን በተባለችው ዋና ከተማ ተሰበሰበ። አባላቱ በሙሉ ወንዶች ናቸው። ከሳውዝ ፓስ ሲቲ የሄዱት ዊልያም ብራይት የተባሉ መጠጥ ቤት የነበራቸው ሰው አንድ ረቂቅ አቀረቡ። ዕድሜዋ 21 የሞላ ሴት ሁሉ ድምፅ እንድትሰጥና ሥልጣን እንድትይዝ የሚፈቅድ ነበር። ረቂቁ አለፈ። አገረ ገዢው ጆን ካምቤል ዲሴምበር 10 ቀን 1869 ፈረሙበት። በዚያው ጉባኤ ያገባች ሴት የራሷን ንብረት እንድትይዝ የሚያስችል ሕግና ሴት አስተማሪ ከወንዱ እኩል እንዲከፈላት የሚያዝ ድንጋጌም ወጣ።

እዚህ ላይ ነገሩን አናሳምረው። እነዚያ ወንዶች ሁሉ ለሴት መብት ተቆርቋሪ ሆነው አልነበረም። ከልባቸው ያመኑበት ነበሩ። አዲሲቱ ግዛት ስሟ በጋዜጣ ወጥቶ ሴቶችና ቤተሰቦች እንዲመጡ የፈለጉም ነበሩ። የፖለቲካ ተቀናቃኞቻቸውን ለማሳፈር ያደረጉትም ነበሩ። ብራይት ራሳቸው ጥቁሮች ድምፅ መስጠታቸውን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ፤ ጥቁር ወንድ ድምፅ ካገኘማ የኛ ሚስቶችና እናቶች ለምን ይቀራሉ የሚል ስሜትም በነገሩ ውስጥ ነበረበት። በሩ በቅን እጅም በጠማማ እጅም ተከፈተ። ጥያቄው ገብቶ የሚሠራው ሰው ምን ይሠራል የሚለው ነው።

አጥቢያ ዳኛ

ሕጉ ሲወጣ ሁሉም ደስ አላለውም። በሳውዝ ፓስ ሲቲ ከነበሩት የፍርድ ሰዎች አንዱ ሕጉን በመቃወም ሥራቸውን እስከ መልቀቅ ደረሱ። ቦታው ክፍት ሆነ። ጆን ኪንግማን የተባሉ የግዛቲቱ ከፍተኛ ዳኛ ወይዘሮ አስቴርን «ያመልክቱ» ብለው አበረታቱ። አመለከቱም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1870 የስዊትዋተር ካውንቲ፣ እኛ ወረዳ የምንለው ዓይነት አስተዳደር፣ ኮሚሽነሮች ተሰብስበው በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ሾሟቸው። በአሜሪካ የዳኝነት ሹመት የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ሹመቱ እናቶቻችን «አጥቢያ ዳኛ» የሚሉትን ይመስላል። አጥቢያ ዳኛ ግድያና ትልቅ ሀብት አይዳኝም። የሚያየው የትንሽ ገንዘብ ዕዳን፣ ያልተከፈለ የቀን ሥራን፣ የተቀማን ዕቃን፣ በመጠጥ ቤት የተነሣን ጠብ ነው። ትልቁ ፍርድ ቤት የሚንቀው፣ ባለጉዳዩን ግን እንቅልፍ የሚነሣው ነገር ማለት ነው። ሕግ ተምሮ መመረቅ ግዴታ አልነበረም። ወይዘሮ አስቴርም አልተመረቁም። በኛም አገር በዕቁብ ሰብሳቢውን «ዳኛ» ብለን የምንጠራው ዲግሪውን አይተን አይደለም፤ ገንዘባችንንና ቃላችንን በእጁ ስለምናስቀምጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሹመቱ በፊት ተጠይቀዋል። የ500 ዶላር ዋስትና ማስያዝ ነበረባቸው። ማንም «አላመናችሁኝም ወይ?» ብሎ አይቆጣም ነበር፤ የሰው ጉዳይ በእጁ የሚያስገባ ሁሉ የሚያስይዘው ነው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ከታሪካቸው መጀመሪያ የወደድነው ይህን ነው። ዋስትና ስድብ አይደለም።

ችሎቱ የተቀመጠው በራሳቸው የግንድ ቤት ውስጥ ነበር። ከመንታዎቹ አንዱ፣ ሮበርት፣ ጸሐፊ ሆኖ ያገለግል ነበር።

የተከለከለው መዝገብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አዲስ ዳኛ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈልገው የችሎቱን መዝገብ ነው። ማን ማንን ከሰሰ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ገና አልከፈለም የሚለው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። መዝገቡ በቀድሞው ዳኛ በጄምስ ስቲልማን እጅ ነበር። ስቲልማን አላስረክብም አሉ።

ወይዘሮ አስቴር ዳኛ ናቸው። ሥልጣን አላቸው። ስቲልማን እንዲያዙ አደረጉ፤ ጉዳዩም በችሎታቸው ፊት ቀረበ። እስቲ አስቡት። አዲስ የተሾመች ሴት፣ የከተማው ወንድ ሁሉ «እስቲ እናያታለን» ብሎ ይጠብቃል፤ የናቃት ሰው ደግሞ ተይዞ ፊቷ ቆሟል። ሕጉም በእሷ በኩል ነው። ብትቀጣው ማን ይፈርድባታል? «እሰይ፣ አሳየችው!» የሚል እንጂ «ለምን?» የሚል አይገኝም።

ወይዘሮ አስቴር ግን ክሱን ዘጉት። ምክንያታቸው ይህ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ባለጉዳይዋ እኔው ነኝ፤ ባለጉዳይ በገዛ ጉዳዩ ሰውን የማሰር ሥልጣን የለውም። ስቲልማን ነጻ ወጡ፤ የድሮው መዝገብም አልመጣም። ወይዘሮ አስቴር አዲስ መዝገብ ከፍተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

እህቶች፣ የዚህች ውሳኔ ክብደት ለብዙ ሰው ላይታይ ይችላል። ለኛ የታየን ግን ከደረሰብን ነገር የተነሣ ነው።

የኛው መዝገብ

አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ገንዘብ ያዣችን ሥራዋን ስትለቅ የቁጠባ መዝገቡን ሳታስረክብ ቀረች። ስሟን አናነሣም፤ ዛሬም እህታችን ናት። ሒሳቡን የተረከብነው እኛ ነበርን። ያኔ ያደረግነውን በግልጽ እንናገር። ቁልፍ ተቀበልን፣ የገንዘብ ሳጥን ተቀበልን፣ «ተረክበናል» ብለን ፈረምን። መዝገቡን ገጽ በገጽ አልቆጠርንም። «እቤት ረስቼዋለሁ፣ ነገ አመጣዋለሁ» ስትለን «ግድ የለም» አልን። ነገ አራት ወር ሆነ።

በነዚያ አራት ወራት የእያንዳንዳችሁን ቁጠባ ያወቅነው በእጃችሁ ካለው ደብተር ብቻ ነው። በየቤቱ እየዞርን ደብተር ለቀምን፤ አንድ በአንድ ጻፍን። አንዲት እናት ግን ደብተራቸው ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። የአሥራ አንድ ወር ቁጠባቸው በእኛም ዘንድ በእሳቸውም ዘንድ ማስረጃ አልነበረውም። ምስክር አስጠራናቸው። ጎረቤት መጣ፣ ልጃቸው መጣች፣ ኮሚቴው መከረ። በመጨረሻ ገንዘቡ ተመለሰላቸው። ሲቀበሉን የተናገሩትን እስከ ዛሬ አንረሳውም። «ልጆቼ፣ ገንዘቤን መለሳችሁልኝ። ግን ለማኝ አስመስላችሁ ነው የመለሳችሁልኝ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ላይ አላየናቸውም።

የጎደለ ሳንቲም አልነበረም። ኦዲተር ቢመጣ ሒሳቡ ልክ ነው ብሎ ይፈርም ነበር። የጎደለው በሒሳብ ሚዛን ላይ የማይታይ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከዚህ ይብሳል። መዝገቡ አልመጣ ሲል እኛው ተሰብስበን የገንዘብ ያዧ የግል ቁጠባ እንዲታገድ ወሰንን። በስብሰባው ላይ ማን ነበር? መዝገቡን ያጣነው እኛ፣ የተቆጣነው እኛ፣ ሳንቆጥር በመፈረማችን የምንወቀሰው እኛ። ከሳሽም እኛ፣ ምስክርም እኛ፣ ዳኛም እኛ። እሷን የጠራት፣ «ለምን?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ አንዲት ሽማግሌ እናታችን ቤቷ ሄደው ሲጠይቋት ነገሩ ተገለጠ። ለማኅበሩ ሥራ ከኪሷ ያወጣችው የትራንስፖርት ገንዘብ ነበር። ደጋግማ ጠይቃ የመለሰላት አላገኘችም፤ መዝገቡን የያዘችው ለዚያ ነው። መዝገብ መያዟ ትክክል አልነበረም። እኛ ሳንሰማት መፍረዳችን ደግሞ ከእሷም የባሰ ነበር። ገንዘቧ ተከፈላት፤ መዝገቡ በማግሥቱ መጣ።

ወይዘሮ አስቴር በዚያች የወርቅ ከተማ፣ የናቃቸውን ሰው ፊት ለፊት ይዘው፣ ያላደረጉትን ነገር እኛ በሰላም አገር፣ በሻይና በዳቦ ተቀምጠን አደረግነው። ለዚህ ነው ታሪካቸው የከነከነን።

ሃያ ሰባት ጉዳዮች

ወደ ወይዘሮ አስቴር እንመለስ። በዳኝነት የቆዩት ከስምንት ወር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 27 ጉዳዮችን አይተዋል። ዘጠኙ የወንጀል ነበሩ፤ ቀሪዎቹ የገንዘብና የመሳሰለው ክርክር። ታላቅ ቁጥር አይደለም። ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ «27» ብለን መናገር የቻልነው አዲስ መዝገብ ከፍተው እያንዳንዱን ጉዳይ ስለ ጻፉ ነው። የሚጠሏቸው ሰዎች «ሴት ዳኛ ምን ሠራች?» ሲሉ መልሱ ወሬ አልነበረም፤ በቀለም የተጻፈ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1870፣ የዋዮሚንግ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። ላራሚ በምትባል ከተማ ሉዊዛ ስዌይን የተባሉ አሮጊት ማልደው ወጥተው ድምፃቸውን ሰጡ፤ በዚያ ሕግ የመጀመሪያዋ መራጭ ተብለው በታሪክ የሚታወቁት እሳቸው ናቸው።

የወይዘሮ አስቴር የሥራ ጊዜ ሲያልቅ ግን ከሁለቱም የፖለቲካ ወገኖች ዕጩ አድርጎ ያቀረባቸው አልነበረም። ችሎቱ በሌላ ሰው እጅ ገባ። በቤታቸውም ሰላም አልነበረም፤ ብዙ ሳይቆይ ከባላቸው ተለያይተው ከዚያች ከተማ ወጡ። የወርቁም ነገር ከሰመና ሳውዝ ፓስ ሲቲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰው አልባ ወደ መሆን ደረሰች። ዛሬ በመንግሥት የምትጠበቅ የታሪክ ቦታ ናት።

ሕጉ ራሱ ለጥቂት ተረፈ። በ1871 የተሰበሰበው ምክር ቤት የሴቶችን ድምፅ ለመሰረዝ ወሰነ። አገረ ገዢው ካምቤል አልፈርምም አሉ። ምክር ቤቱ የአገረ ገዢውን እምቢታ ለመሻር ሞክሮ ሳይሳካለት የቀረው በአንድ ድምፅ ልዩነት ነው። በአንድ ድምፅ! «የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» ብላችሁ ከጉባኤ የምትቀሩ እህቶች እቤት እንዳትቀሩ ብለን ይህን ለይተን ጽፈነዋል።

ደረሰኝ የሌለው ታሪክ

አሁን ደግሞ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስለ ወይዘሮ አስቴር ስታነቡ አንድ የሻይ ግብዣ ታሪክ ታገኛላችሁ። በ1869 ከምርጫው በፊት ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ቤታቸው ጠርተው ሻይ አጠጥተው፣ ያሸነፈው የሴቶችን ድምፅ ሕግ እንዲያቀርብ ቃል አስገቡ ይባላል። ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ሻይ ለምንወድ ለኛማ ይጥማል። ግን ታሪኩን በጽሑፍ ያወጡት ኒከርሰን የተባሉ የዚያን ጊዜ ተወዳዳሪ ናቸው፤ ያወጡትም በ1919 ነው። ያ ማለት ነገሩ ተደረገ ከተባለ 50 ዓመት፣ ወይዘሮ አስቴር ካረፉ ደግሞ 17 ዓመት በኋላ ነው። በዘመኑ በተጻፉ ሰነዶች ውስጥ ግብዣው አይገኝም። ስለዚህ የታሪክ አጥኚዎች አይቀበሉትም። «የሴቶች ድምፅ እናት» የሚለውን ማዕረግም ጋዜጠኛ የነበረው ልጃቸው ነው በጋዜጣው ያስፋፋው፤ ልጅ ለእናቱ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አይመዘግብም። የሻይ ግብዣውን ከሒሳባቸው ብናወጣው ወይዘሮ አስቴር ምን ይጎድልባቸዋል? ምንም። ዋስትና አስይዘዋል፣ በራሳቸው ጉዳይ አልፈረዱም፣ 27 ጉዳይ አይተው ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ደረሰኝ አለው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። ስለ ማኅበራችን ስትጽፉ አንዳንድ ጊዜ ከሠራነው በላይ ታሳምሩልናላችሁ፤ ለፍቅር እንደሆነ ይገባናል። የሠራነው ይበቃናል። የምንጠይቃችሁ መዝገባችንን ከፍታችሁ እንድታዩ ነው፤ ጥፋታችንም ያለው እዚያው ነው።

ባንዲራው

በ1890 ዋዮሚንግ ሙሉ ክፍለ ግዛት ስትሆን የሴቶችን ድምፅ እንደያዘች ገባች። በሻያን በተደረገው በዓል ላይ በግዛቲቱ ሴቶች ስም ባንዲራውን ለአገረ ገዢው ያስረከቡት ወይዘሮ አስቴር ነበሩ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በእጅጉ አልፏል። ያ በዓል በሆነ በ12 ዓመቱ፣ በ1902፣ በሻያን ዐረፉ። ጠቅላላ የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ድምፅ ያገኙት በ1920 ስለሆነ ያን አላዩም። በ1960 ዋዮሚንግ ሐውልታቸውን አሠርታ በአገሪቱ ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ አስቆመች።

ሐውልቱ መልካም ነው። እኛ ግን ዛሬ ከጉባኤው የምንፈልገው ከሐውልት ያነሰና ይበልጥ የሚጠቅም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ማሻሻያ እንዲህ ይላል። ማንኛዋም ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ ወይም ሰብሳቢ ሥራ ስትለቅ መዝገብና ንብረት በቆጠራ፣ ገጽ በገጽ፣ ሁለት ምስክር ባሉበት ታስረክባለች፤ ተረካቢዋም ሳትቆጥር አትፈርምም። ማኅበሩም ያለባትን ዕዳ በዚያው ቀን ይከፍላታል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደገባ አሁን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ማሻሻያ እንዲህ ይላል። የኮሚቴ አባል የሆነች ሁሉ የራሷ ወይም የቤተሰቧ ብድር፣ ክስ ወይም ቅሬታ ሲታይ ከወንበሯ ተነሥታ ትወጣለች፤ መውጣቷም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ሒሳብ ክፍሉ የተከሰሰበት ወይም የከሰሰበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከሒሳብ ክፍሉ ማንም አይቀመጥበትም። ይህን ያረቀቅነው እኛው ነን፤ በራሳችን ላይ ነው ያረቀቅነው።

«እርስ በርሳችን አንተማመንም ወይ?» ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው። እንተማመናለን። ለዚያም ነው የምንጽፈው። የማንተማመን ቢሆንማ ገንዘባችንን በየፍራሻችን ሥር እንይዘው ነበር እንጂ እዚህ ባላመጣነው። ወረቀቱ የሚጠብቀው ያችን ደብተሯ በዝናብ የራሰባትን እናት ነው፤ ነገ ምስክር ጥሩ ተብላ ደጅ እንዳትጠና። ሳትሰማ የተፈረደባትንም እህታችንን ይጠብቃል። እኛንም ከገዛ ቁጣችን ይጠብቀናል።

ያች እናት ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ የሉም። ትናንት ማታ ቤታቸው ሄደን ረቂቁን አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙን፣ ቡና አፈሉልን፣ ሲሸኙን «ድምፁ ከተሰጠ በኋላ መጥታችሁ ንገሩኝ» አሉን። ምን ብለን እንደምንነግራቸው የሚወሰነው ከሰዓት በኋላ በእጃችሁ ነው።